በግርጌ የሚቀመጠው

ክርክሩን ስምንት ጊዜ አሸንፎታል። በጀርባው ተንጋሎ አንድ ጊዜ፣ በጎኑ ዞሮ አንድ ጊዜ፣ ትራሱን ራሱ ላይ ደፍቶ ሁለት ጊዜ፣ የቀረውን ደግሞ ተነሥቶ ውኃ ጠጥቶ፣ ተመልሶ ጋደም ብሎ፤ በሁሉም አሸነፈ፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ጠዋት ቤቱ ገብቶ መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ከዘጋ እንቅልፍ ጥርግ አድርጎ ሊወስደው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ይኸው አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ በመጋረጃው ስንጥቅ የገባችው ፀሐይ ከግድግዳው ወርዳ ወለሉ ላይ ደርሳለች፣ ከላይ ያለችው ጎረቤት በሚያጓራ ማሽን ቤቷን መጥረግ ጀምራለች፣ እሱም ለዘጠነኛ ጊዜ እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሽማግሌው የተቀመጡበት ሶፋ አጠገብ ተንበርክኮ፣ «ኦክስጅን አያስፈልጋቸውም! ዘጠና ሰባት ነው እኮ! ቁጥሩ አይታይሽም?» ይላል፣ የአምቡላንሱ ትንሿ አለቃ የኦክስጅኑን ጭንብል በእጇ እንደያዘች ፊቷ ይቀላል፣ ልክ ነበር፣ ልክ ነው፣ ደሙ በቂ ኦክስጅን ላለው የደረት ሕመምተኛ ኦክስጅን አይሰጥም፣ መጽሐፉ ይህን ይላል፣ አለቀ። ታዲያ ልክ የሆነ ሰው ምን ሆኖ ነው እንቅልፍ የሚያጣው?

እዚህ ላይ ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገሩ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ዋና ነርስ ነበር፣ ድፍን አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አዲስ የተመረቁ ሐኪሞች ትእዛዝ ከመጻፋቸው በፊት ፊቱን ሰረቅ አድርገው ያዩት ነበር፤ ቅንድቡ ከፍ ካለ ብዕራቸውን ይመልሱታል። እናቱ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ዶክተሩ» ስትል፣ እሱም «ኧረ እማዬ፣ ነርስ ነኝ» ሲል ሰባት ስምንት ዓመት ከቆየ በኋላ ተወው፣ ተወውና ለመደው፣ መልመድ ደግሞ ከማመን ብዙም አይርቅም። እዚህ ሲመጣ አንድ መስኮት ጀርባ የተቀመጠች ሴት ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ ጨዋ ፈገግታ ፈገግ ብላ፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩ አለችው። ጀመረ። ሁለት ዓመት ለቋንቋው፣ ሁለት ዓመት ለሙያው፣ አሁን በአምቡላንስ ላይ ረዳት ሆኖ የሙከራ ጊዜውን ሊጨርስ ነው፤ ዓርብ ስድስት ወር ይሞላዋል። ዓርብ ፋይሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ለአለቃነቱ ፈተና ይቀመጣል፤ ጥፋት ከተመዘገበበት ግን ስድስቱ ወር እንደ አዲስ ከአንድ ይቆጠራል። ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ፕሮፌሰሩ» ይሉታል። ሰው ሲሳሳት ሳያርም ስለማያልፍ ነው። መጀመሪያ ሰሞን፣ የዋህ፣ ለአክብሮት መስሎት ነበር።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ደንብ አለው፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል፣ እጅህን ስትታጠብ ሳታነበው አታልፍም፤ በታማሚው ፊት አንድ ድምፅ ይላል። ሁለት ሠራተኞች ወደ አንድ ታማሚ ሲገቡ አንደኛው በራስጌ ይቀመጣል፣ ይጠይቃል፣ ያስረዳል፣ ይወስናል። ሁለተኛው በግርጌ ይቀመጣል፣ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ያቀብላል፣ ዝም ይላል። በግርጌ ያለው ስሕተት ካየ የራስጌውን ትከሻ በሁለት ጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ሁለቱም በሩ ጋ ሄደው በሹክሹክታ ይነጋገራሉ፣ ተመልሰው ሲመጡ የሚናገረው ያው የራስጌው ነው። እዚያው በዚያው ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ካልሆነ በቀር ከዚህ የሚወጣ የለም። በሥልጠናው ላይ ይህን ሲሰማ በሆዱ ሳቀ፣ እኔ ስንቱን ያዳንኩት ጮኼ አይደል እንዴ አለ፣ እውነቱን ነው፣ በሃያ አልጋ ላይ ሠላሳ ሰው በሚተኛበት ክፍል ያልጮኸ አይሰማም። እና ዛሬ ጠዋት ያ ጭንብል ወደ ሽማግሌው ፊት ሲሄድ ሲያይ ሁለት ጣቶቹ የት ሄዱ? ትከሻዋ እኮ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ጣቶቹ አሉ፣ ይኸው፣ በጨለማው ውስጥ ከፍ አድርጎ ያያቸዋል። የፈለገው ጭንብሉን ማስቆም ብቻ አልነበረም። ማን እንዳስቆመው እንዲታወቅለትም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ በራስጌ ተቀምጣ እሱ በግርጌ ሲንበረከክ ያቺን ቀን ስድስት ወር ሙሉ ሲጠብቃት ኖሯል፣ ጠዋት መጣችለት፣ አልለቀቃትም።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መንዳታቸውን የነገሯቸው ከደረታቸው ሕመም አስቀድመው ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ መሆናቸውን ማንም አልነገረውም፣ ማድረቂያው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ አየ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ የሱና የትንሿ አለቃ ፈረቃ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነበር የደወሉት፣ በሩን ሲከፍቱም መጀመሪያ ያሉት «ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ» ነው። ሕመሙን ሲጠየቁ «ሰው ደረቴ ላይ ቁጭ ያለ ይመስለኛል፣ ከባድ ሰው» አሉ። የልባቸውን ምት ያነሣው ወረቀት ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም፣ የለም ተብሎ ደግሞ የሚታለፍ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ደሙ ሁለት ሦስት ጊዜ መታየት አለበት፣ በዚህስ ሁለቱም ተስማምተዋል፣ የተጣሉት በጭንብሉ ነው። አያስፈልጋቸውም ሲል፣ ዝም በል እኔ ነኝ የምወስነው ስትል፣ ወስኚያ ግን መጽሐፍ አንብቢ ሲል፣ ሽማግሌው አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያዩ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ አላነሡም። ከዚያ የክንዳቸውን መለኪያ ራሳቸው ፈተው አስቀመጡት።

«ልጆች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «አንድን መሪ ሁለት ሰው ሲታገልበት መኪናው የት እንደሚገባ አውቃለሁ። እኔ አልሳፈርም።»

ትንሿ አለቃ ለመነች። አሁን ተሽሎኛል አሉ። አለመሄዳቸው በገዛ ፈቃዳቸው መሆኑን የሚያረጋግጠው ወረቀት ቀረበላቸው፣ ፈረሙ፣ ፊርማው መጨረሻው ላይ ተንሸራቶ ከመስመሩ ወጣ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ያጠፈው እሱ ነው፣ ሲያጥፈውም ያስብ የነበረው ስለ ሰውየው አልነበረም፣ ዘጠና ሰባት ነው፣ ዘጠና ሰባት እያለ ነበር። ደረጃውን ሲወርዱ ከኋላቸው በሩ ሁለት ጊዜ ተቆለፈ። መኪናው ውስጥ እሷ ሪፖርቱን ሞላች፣ ታማሚው ለመሄድ ፈቃደኛ አልሆኑም ብላ፣ ስለ ክርክሩ አንድ ቃል አልጻፈችም፣ እሱም በትከሻዋ በኩል አነበበውና ዝም አለ። ለእሷም ለእሱም የሚበጅ ዝምታ ነበር። ሽማግሌውን የጠየቃቸው የለም።

ስልኩ ጠራ። እኅቱ ናት።

«ተኝተሃል እንዴ?»

«የለም፣ ምነው በዚህ ሰዓት?»

«እማዬን አንድ ነገር በላት፣ እኔንማ መስማት ትታለች። ደረቷን ያማታል መሰለኝ። ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ትቆማለች፣ ምን ሆንሽ ስላት የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ነው ትለኛለች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም እኮ!»

ተነሥቶ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ሳምንት ሆናት። ስጨቀጭቃት ደግሞ ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ፣ መልስ ሰጥቶኛል አለች።»

«ለኔ? ለኔ እኮ ምንም አል...» ብሎ ቆመ።

እሑድ እሑድ የሱ ስልክ የጤና ጣቢያ ነው። እናቱ ሠላምታውን ቶሎ ቶሎ ትጨርስና የጎረቤቱን በሽታ ሁሉ ትዘረግፍለታለች፣ የአንዷን ጉልበት፣ የአንዱን ሳል፣ የሌላውን የሽንት ነገር፣ አንዳንዱም ራሱ ስልኩን ተቀብሎ «ዶክተር፣ ይኸውልህ» ይላል፣ እሱም ሲያዝ ሲከለክል አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ሳይደብቁ ለመናገር ደስ ይለዋል። ባለፈው እሑድ ሁሉም ካለቀ በኋላ እናቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንዲት ጎረቤት አለች አለችው፣ አንተ አታውቃትም፣ በቅርብ ነው የመጣች፣ ሁለት ሳምንት ሆናት ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ጭንቅ ያደርጋታል፣ ስታርፍ ይተዋታል፣ ምን ይሆን? እሱም ምን አለ? ሁለት ሳምንት ዝም ካለች ሞኝ ናት አለ። ልጆች የሏትም እንዴ አለ። እናቱ ትንሽ ሳትፈራ አትቀርም ስትለው፣ ፍርሃት መድኃኒት አይሆናትም፣ ሄዳ ትመርመር በያት ብሎ ዘጋው። ይባስ ብሎ ያቺን ዓረፍተ ነገር ወዷት ነበር። ፍርሃት መድኃኒት አይሆናትም። ጥርሱን ሲቦርሽ ደግሞ ደጋግሞ ብሏታል።

«ለምን በቀጥታ አልነገረችኝም?» አላት እኅቱን፣ መልሱን ሳይፈልግ።

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ልጄ ሁልጊዜ ልክ ነው አለች። ልክ የሆነ ሰው ደግሞ ያስፈራል አለች።»

ዘግታለች፣ አልዘጋችም፣ እንጃ፣ ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ነው። እናቱ ሦስተኛ ፎቅ ሶፋ ላይ ተቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፣ ሾፌሩ ደግሞ በእናቱ ደረጃ መሀል ላይ ቆመው የሌለ ማሰሪያ ያስራሉ፣ ሁለቱም እሱን ያያሉ፣ ሁለቱም ይቅርታ አስቸገርንህ ይላሉ። ሁለት ሰው በአንድ ሳምንት ከደጁ መለሰ። ሁለቱንም ልክ ሆኖ ነው የመለሳቸው። ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ፣ ያው የጥንቱ ንዴት፣ ደውሎ እንዴት እንዲህ ታደርጊኛለሽ፣ እኔ የስንቱን እናት አድኜ የገዛ እናቴ ትደብቀኛለች ሊላት፣ ቁጥሯን እየነካ ሳለ ይህን ዓረፍተ ነገር ሰማው። እኔ፣ ይላል። እኔ አድኜ። የገዛ እናቴ። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠና ሄዶ ፊቱን ታጠበ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ተመልሶ ደወለ።

«እማዬ፣ ያቺ ጎረቤትሽ እንዴት ሆነች?»

«የትኛዋ?»

«ያቺ ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ጭንቅ የሚያደርጋት።»

«እሷማ ደኅና ናት። ምነው፣ አስታወስካት?»

«እንቅልፍ ነሣችኝ። የዚያን ዕለት ሞኝ ናት ብያለሁ፣ ክፉ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ ብሎሻል በያት።»

«ኧረ እሷ ምንም አላለች! ደግሞ ምን ቤት ነች?»

«ምኑ እንደሚያስፈራት ጠይቀሻታል?»

በአገሩ በነበረ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ዝምታ አይወድም ነበር፣ ታማሚ ዝም ሲል በራሱ ጥያቄ ይሞላዋል፣ ወረፋው ረጅም ነው። አሁን ጠበቀ። የሚያጓራው ማሽን ከላይ ሄደ መጣ፣ ጠበቀ።

«ብቻዋን መግባቱ ነው አለች» አለች እናቱ። «ገብታ እንዳትቀር። ወንድ ልጇ ሩቅ ነው። ሴቷን ደግሞ ከሥራ እንዳታስቀራት ትሳቀቃለች።»

ማልቀስ ፈልጎ ነበር፣ አላለቀሰም፣ የታማሚዋ ጊዜ ነው። «ሴቷ ከሥራ ትቅር፣ ደስ ይላታል። ዛሬውኑ ይሂዱ፣ ነገ አይባልም። ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉላት ልንገርሽ፣ ንገሪያት» አላትና ነገራት፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ደረቷ ላይ ትንንሽ ነገር ይለጥፉባታል፣ ከክንዷ ትንሽ ደም ይወስዳሉ፣ ተጋደሚ ይሏታል፣ ልብሷን ስታወልቅ መጋረጃ አለ፣ ልጇ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ የማይገባት ነገር ካለ ደግማ ትጠይቅ፣ ማንም አይቆጣትም።

«ቆይ፣ እንዳልረሳው። የሚለጥፉት ያማል?»

«ቀዝቀዝ ይላታል እንጂ አያማትም።»

«ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አያምም» ብላ ለራሷ ደገመችው። «እሺ፣ እነግራታለሁ። እ... ልጄ!»

«አቤት እማዬ።»

«ዛሬ አልተቆጣህም።»

«እሷ ምን አድርጋኝ እቆጣለሁ?»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሠራበት ሙያ እናቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አከማት ማለት ይቻላል፣ ያውም በሰው ስም።

ከዚያ በኋላ አልተኛም፣ ሊተኛም አልሞከረም። መጋረጃውን ገለጠው። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ሽማግሌው ከፈረሙ አምስት ሰዓት አለፋቸው፣ ያ ከባድ ሰው ከደረታቸው ተነሥቶላቸው እንደሆነ ወይም ጭራሹን ተመቻችቶ ተቀምጦባቸው እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ እሳቸውም አይደውሉም፣ አንዴ ደውለው ያዩትን አይተዋል። አልሄድም ብሎ የፈረመ ታማሚ ራሱ ካልጠራ በቀር ማንም ተመልሶ በሩን አያንኳኳም። ደንቡ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት ያለችው፣ ፊርማው የመጣው በሠራተኛ ጥፋት ከሆነ ይሰረዛል፣ ያስፈረሙትም ራሳቸው ተመልሰው ይሄዳሉ። ጥፋት መሆኑን ደግሞ አጥፊው መናገር አለበት። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዓርብ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሱሪውን እያጠለቀ ስለ ዓርብ አሰበ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ ስለ ሦስተኛው ፎቅ አሰበ፣ ቁልፉ ሲያልቅ ሐሳቡም አልቆ ነበር።

ትንሿ አለቃ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«ተኝተሽ ነበር?»

«አንተስ ተኝተህ ነው?» አለችው። «መጽሐፉን አይቼዋለሁ። ልክ ነበርክ። ይኸው፣ ይበቃሃል? ለዚህ ነው የደወልከው?»

ይህችን ቃል ስድስት ወር ሙሉ ሲመኛት ነበር። አሁን ስትመጣ የሰው ኮት እንደለበሰ ሰው ሰፋችው።

«እኔ ልክ ነበርኩ፣ እሳቸው ግን ቤት ቀሩ» አላት። «ፊርማውን ላሰርዝ ነው፤ በታማሚ ፊት የተከራከርኩት እኔ ነኝ ብዬ። ሳትሰሚ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«ዓርብህስ?»

«ዓርብማ በየሳምንቱ ይመጣል።»

«ሪፖርቱን አጉድዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኔንም እኔ እናገራለሁ» አለች። «ውረድና በር ላይ ጠብቀኝ።»

የጥሪ ማዕከሉ ሰውዬ ቅጹን እያነበበ ይጠይቃል፣ ድምፁ ደረሰኝ የሚያትም ማሽን ነው የሚመስለው። ምክንያት? በታማሚው ፊት ተከራክሬያለሁ። ከማን ጋር? በራስጌ ከነበረችው ጋር። ክርክሩ የታማሚውን ውሳኔ ነክቷል? ነክቷል። እዚህ ላይ ሰውዬው ከማሽንነቱ ወጣ።

«ይህ ፋይልዎ ውስጥ እንደሚገባ ያውቃሉ አይደል? ሌላ ምክንያት ካለ...»

«ሌላ ምክንያት የለም። እባክዎ ቶሎ ይጻፉትና መኪና ይላኩልን።»

እረፍት ላይ ስለሆኑ መንዳት አይፈቀድላቸውም፣ የቀን ሾፌር ነዳላቸው። ሦስቱን ፎቅ እሱ መሣሪያውን፣ እሷ መድኃኒቱን፣ ሾፌሩ መሸከሚያ ወንበሩን ይዘው ወጡ። አንኳኳች። ምንም የለም። ደገመች። ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ፣ የሚሰማው የገዛ ልቡ ነው፣ ምነው ትንሽ ቀደም ብለን በመጣን፣ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ዘጠና ሰባት ዘጠና ሰባት እያልኩ ስገላበጥ፣ ይላል፣ ከዚያ የነጠላ ጫማ መጎተት ተሰማ። ቁልፉ አንድ ጊዜ ዞረ። ቆየ። ሁለተኛ ጊዜ ዞረ። ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፍ ብሏል፣ የበሩን ጉበን ይዘው ቆመዋል።

«አሁንስ መሪው በማን እጅ ነው?» አሉ።

«በሷ ነው» አለ። «ጠዋት የታገልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ይህን ብሎ፣ ሽማግሌው ገብተው ሶፋቸው ላይ ሲቀመጡ ወደ ግርጌው ሄደ፣ ተንበረከከ፣ ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ነጠላ ጫማቸውን ግራና ቀኙን አለዋውጠው አድርገውታል። አወለቀላቸውና አስተካከለው፣ እግራቸው በረዶ ነበር፣ በሁለት እጁ ትንሽ ያዝ አድርጎ ቆየ፣ ከዚያ ብርድ ልብሱን ሸፈነላቸው። ሽቦዎቹን አያይዞ ወረቀቱን ሲያወጣ የጠዋቱ ጥርጣሬ አሁን ጥርጣሬ አልነበረም፣ በደንብ ይታያል፣ ወረቀቱን ወደ ራስጌ አቀበለ፣ ቅንድቡንም ከፍ አላደረገም። ትንሿ አለቃ አነበበችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልብዎ ደም እያነሰው ነው፣ አሁኑኑ መሄድ አለብን፣ ይህችን ክኒን ያኝኩልኝ አለቻቸው፣ አኘኩ። ጭንብል አላነሣችም። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጠዋትም ጎበዝ ነበረች፣ እሱ ነው ያላያት።

ሽማግሌው ወንበሩን ሲያዩ ግን ተቆጡ። «በእግሬ ነው የምወርደው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳመላልስ ኖሬ ዛሬ እንደ ዕቃ ጎረቤት ፊት አልወርድም።»

«መራመድ የለብዎትም፣ ልብዎ...»

«ልቤን እኔ አውቀዋለሁ።» ለመነሣት እጃቸውን ሶፋው ላይ አስደገፉ።

በእሱና በትንሿ አለቃ መካከል አንዲት እርምጃ ናት። የሚናገራት ነገር አፉ ላይ መጥታለች፣ ዝግጁ ናት፣ ጥሩ ናት፣ እሱ ራሱ ቢላት ታምርበታለች። በሁለት ጣቱ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። በሩ ጋ ሄዱ፣ በጆሮዋ ነገራት፣ ሁለት ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ነው የፈጀው። ተመለሰችና በርከክ ብላ ፊታቸው ተቀመጠች።

«አውቶቡሱ እየሄደ አንድ ተሳፋሪ ብድግ ቢልብዎት ምን ይሉት ነበር?»

«ተቀመጥ ነዋ! ሳንደርስ መነሣት የለም።»

«እንግዲያው ይቀመጡ። አልደረስንም።»

ሽማግሌው አፈጠጡባት። ከዚያ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ እየሳቁ ነው፣ ሳቁ ሲያማቸው ደረታቸውን ያዙ፣ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በደረጃው ላይ ክብደቱ የሚያርፈው ከታች በኩል በያዘው ሰው ላይ ነው፤ ከታች እሱ ያዘ፣ ወደ ኋላ እየረገጠ፣ ሦስቱንም ፎቅ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ሐኪሞቹ አልዘገዩም፣ የልባቸው ቧንቧ ሊዘጋ ጥቂት የቀረው ነበር፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊከፍቱት ያዘጋጇቸው ጀመር። ኮሪደሩ ላይ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አንደኛው ከመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የሙከራ ጊዜዎ ከዛሬ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል፣ ስድስት ወር። ሁለተኛው ከእኅቱ ነው፤ እማዬ ጎረቤቷን ላስመርምር ብላ ተነሥታለች፣ እኔም አብሬ እየሄድኩ ነው፣ ጎረቤቷን ግን እስካሁን አላየኋትም ይላል። ሁለቱን በተራ አነበበ። ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ደግሞ አነበበው፣ ሰው ነው። ስድስት ወር በግርጌ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ፊርማ የሚፈልግ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ሊጠይቅ ገባ።

ሽማግሌው በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተጋድመው ለሆስፒታሉ ነርስ እያወሩላት ነው።

«ይህች ልጅ ምን ብላ እንዳስቀመጠችኝ ሰምተሻል? ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳሁትን ሰውዬ፣ አልደረስንም ብላ!»

ትንሿ አለቃ አፏን ከፈተች፣ ወደ እሱ አየች። ራሱን ነቀነቀባት። አፏን ዘጋች።

ነርሷ ቅጹን ይዛለች፣ ያመጣቸው ሰው ሁሉ ስሙ መጻፍ አለበት። «እሳቸውስ?» አለች በብዕሯ ወደ እሱ እያመለከተች።

ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት፣ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል ነገር የለም።

«ጠዋት ከሷ ጋር አንድ የሚጮህ ሰው መጥቶ ነበር» አሉ። «እሱን አባረርኩት። ይኼ ሌላ ነው፣ ዝምተኛ ነው። እጁ ይሞቃል።» አልጋው መሄድ ጀመረ። «ያንን የጠዋቱን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አለ።

«ቤቴን ያውቃል፣ ተመልሶ እንዳይመጣ።»

«እኔ አለሁ» አላቸው፣ አልጋውንም ከግርጌው ይዞ እስከ በሩ ገፋላቸው።